የነኹዳ ኑህ መርከብ

ወርቅውሃ ከመርጡለ ማርያም ተነስታ ደማም ስትገባ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። ከገባች በኋላም ሁለት ዓመት ሙሉ አላየችም። የአሠሪዋ የማዳም ሐቢባ ቤት አል ፈይሰሊያ ነው። ባሕሩ በመኪና ቅርብ ነው ይባላል፤ እሷ የምታውቀው ደማም ግን ከወጥ ቤቱ እስከ ግቢው በር፣ ከበሩ እስከ ቆሻሻ ገንዳው ድረስ ነው። ስልኳን ማዳም ቆልፋ ታስቀምጥና ዓርብ ከሰዓት ትሰጣታለች። ማተቧን ከቀሚሷ ሥር ትደብቃለች። ጾም ሲገባ ሥጋውን ለሌሎቹ አቅርባ እሷ ዳቦ በሻይ ትበላለች፤ ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

ቤቱ ሰው የሞላበት ነው። ልጆቹ "ወርቃ! ወርቃ!" ሲሏት ይውላሉ፤ የሚጠሯት ግን ለውሃ፣ ለጫማ፣ ለቻርጀር ነው። በግቢው ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ሾፌሩ ኢስማኤል ብቻ ነበር። የከሚሴ ሰው ነው፤ ከበሩ አጠገብ ባለች ክፍል ያድራል። ማዳም ገና በመጀመሪያው ቀን ጣቷን ከአንዳቸው ወደ ሌላቸው እያወዛወዘች "ማፊ ከላም!" ስላለቻቸው፣ መነጋገር ክልክል መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ሲተላለፉ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ ያ ነው ሰላምታቸው።

ኮንትራቷ ሲያልቅ ኹሩጅ የሚሉት አገሯ መመለሻ የመውጫ ፈቃድ እንዲወጣላት ጠየቀች።

"አሁን ከሐበሻ አገር ሠራተኛ መምጣት ቆሟል" አለቻት ማዳም፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። "ሌላ እስካገኝ ትቆያለሽ። ማፊ ሙሽኪላ።"

ችግር የሌለው ለማዳም ነበር።

በዚያው ሰሞን የማዳምን አባት ስትሮክ መታው። ባባ መሐመድሰዒድ ይባላል። ዕድሜውን ልጁም በትክክል አታውቀውም፤ እናቷን ሲያገባ ራሱ ሽማግሌ ነበር ይላሉ። ላይኛው ፎቅ ያለውን ክፍሉን ራሱ ቆልፎ ራሱ ይከፍት ነበር፤ ሠራተኛ ቀርቶ ልጁም አትገባበትም። ከሕመሙ በኋላ ግን ቀኝ እጁ ከዳው፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ ዊልቸር ላይ ዋለ። እሱን ማጠቡ፣ ማጉረሱና ክፍሉን ማጽዳቱ በወርቅውሃ ሥራ ላይ ተጨመረ።

ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ምንጣፍና መስኮቱ አጠገብ አንድ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ አፈ ሰፊ የሆነ ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ተቀምጧል። በጠርሙሱ ውስጥ ክንድ የማትሞላ የእንጨት መርከብ አለች፤ ሸራዋ፣ ገመዷ፣ መልሕቋ ሳይቀር ተሟልቶላታል። ወርቅውሃ ለጌጥ የተሠራች መሰላት። ሽማግሌው ከነቃበት ሰዓት ጀምሮ በደህናው እጁ ወደ ጠርሙሱ እያመለከተ "አክ… አክ…" ይላል።

"እሷን ማየት ይወዳል። ፊቱን ወደዚያ አዙሪለት" አለቻት ማዳም።

አዞረችለት። እሱ ግን ዓይኑ እንባ ሞልቶ "አክ… አክ…" ማለቱን አልተወም።

ዓርብ ስልኳን ስትከፍት እህቷ ደወለችላት። እናታቸው ከሞተች ሳምንት ሊሆናት ነው፤ ተቀብራለች፣ ሠልስቷም ወጥቷል። "ስልክሽ አይሠራም፣ ምን ላድርግ?" አለቻት እህቷ እያለቀሰች። ማዳም ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አላህ ይማራት" አለችና ትንሽ ቆይታ ማታ እንግዳ እንደሚመጣ ነገረቻት። ወርቅውሃ የእንግዳውን ሩዝ ቀቀለች፣ ሰሃኑን አጠበች፣ ተኛች። አጠገቧ የሚያለቅስ ሰው ስለሌለ እንባዋም አልመጣም።

የመጣው በማግስቱ ነው። ቤተሰቡ ምሳ በልቶ በተኛበት ሰዓት፣ ባባም በዊልቸሩ ላይ እንዳለ አሸልቦ ሳለ፣ መደርደሪያውን ስትወለውል እጇ ቆመ። የያዘችውን ጨርቅ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

"ነፍስ ይማር" የሚል ድምፅ ሰማች።

የወንድ ድምፅ ነው፤ ግን እንደ ትንኝ ቀጭን።

"እሜቴ፣ ወዲህ ነኝ። ከጠርሙሱ ዘንድ። ማን ሞተብዎ?"

ቀና አለች። በመርከቧ ጠርዝ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ሰው ቆሞ ሁለት እጆቹን ያውለበልባል። ወርቅውሃ እያማተበች፣ "በስመ አብ" እያለች በቂጧ ወደ በሩ አፈገፈገች።

"ሰይጣን አይደለሁም!" አለ ሰውየው። "ጎበና እባላለሁ፤ የይፋት ሰው ነኝ። ስለ እመብርሃን አይሂዱብን። ርቦናል።"

እጇ የበሩን እጀታ ይዞ ነበር። የመለሳት የመጨረሻው ቃል ነው። ደግሞም ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት፤ "አክል" በዐረብኛ ምግብ ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ቀን ሲለምናት የኖረው ለእነዚህ ሰዎች ነበር።

ከወጥ ቤት ሩዝ በማንኪያ፣ ውሃ በጠርሙስ ክዳን አመጣች። ክዳኑን በክር አስራ ወደ መርከቧ ስታወርደው ከሸራው ሥር ሌሎች ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ ልብሳቸው ተበጣጥሷል፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። አንዷን የሩዝ ፍሬ ለሁለት ተካፍለው በቁማቸው ጎረሱ። ከኋላ በኩል አንድ ረጅም ሰው፣ ሁሉም እስኪበሉ ድረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆመ። "ነኹዳችን ነው፤ የመርከቧ አዛዥ" አለ ጎበና አፉ እንደሞላ። "ኑህ ይባላል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተሰቡ የሚተኛበት ሰዓት የወርቅውሃ ሰዓት ሆነ። ለባባ ካጎረሰች በኋላ ለመርከበኞቹ ታወርድላቸዋለች፤ ከዚያ ጆሮዋን ከጠርሙሱ አፍ ላይ አድርጋ ከጎበና ጋር ታወራለች።

"እሜቴ አትበለኝ" አለችው። "ሠራተኛ ነኝ።"

"እኔም ባሪያ ነበርኩ" አላት። "ዓልዩ አምባ ገበያው ይቆማል?"

"አላውቀውም። እኔ ጎጃም ነኝ።"

"ንጉሡስ ማነው?"

"አሁን ንጉሥ የለም።"

"እንግዲያ ሰው ሲጣላ ማን ዘንድ ይሄዳል?"

ሳቋ መጣ፤ ከሳቀች ስንት ጊዜ እንደሆናት ትዝ አላላትም።

ጎበናን ገና በልጅነቱ ፈንጋዮች አፍነው ታጁራ ወርደው ሸጡት። ባሕሩን አሻግረው ለአንድ የሉል ነጋዴ ሰጡት፤ አፍንጫውን በቀንድ ቆንጥጦ፣ ድንጋይ እግሩ ላይ አስሮ ሉል ፍለጋ ወደ ባሕር ወለል ሲወርድ አደገ። አንድ ቀን የወንበዴዎች መርከብ መጣባቸው። የመርከቧ አዛዥ ኑህ ነው፤ አጠገቡ የቆመው ቀጭኑ ጠንቋይ ደግሞ መሐመድሰዒድ።

"የእኛ ሰዎች መድፍ ተኮሱ" አለ ጎበና። "መሐመድሰዒድ አንዲት ቃል ተናገረ። ጥይቱ ሲደርስ ቁንዶ በርበሬ ሆኖ ሸራው ላይ ጠብ ጠብ አለ። እኛም ከነመርከባችን እንደ መዳፍ አንሰን ነበር። በእንስራ ጨልፎ ወደ የብስ ወሰደን። ጭነቱን ወስዶ፣ ሌላ ቃል ተናግሮ መልሶ ባሕር ላይ ለቀቀን። ኑህ ለእኛ ለባሪያዎቹ 'ከእኔ ጋር የሚሆን አለ?' አለ። እኔ አለሁ አልኩ።"

"ሰው ገድላችኋል?"

"ጠንቋይ ይዘን ምን መግደል ያስፈልገናል? ሌቦች ግን ነበርን፤ አልዋሽሽም። ኑህና መሐመድሰዒድ እንደ ወንድማማች ነበሩ። በአንድ ሰሃን ይበላሉ፣ በአንድ ምንጣፍ ይተኛሉ። መሐመድሰዒድን ለጥንቆላው ሁሉም ይፈራው ነበርና ከኑህ በቀር የሚቀርበው ሰው አልነበረም። በኋላ ኑህ ሰለቸው። ምጽዋ ላይ የታጨችለት ሴት ነበረችው። 'ኸላስ፣ ይበቃኛል' አለ። መሐመድሰዒድ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ ሊሰናበተን መጣ። አቅፎ ሳመው። መልካም መንገድ አለን። ሸራ ስንወጥር ያችን የምታሳንስ ቃል ሰማን።"

ወርቅውሃ ዘወር ብላ በዊልቸሩ ላይ የሚያንቀላፋውን ሽማግሌ አየችው።

"ከዚያ ወዲህ ነኹዳው አንድ ቃል አልመለሰለትም" አለ ጎበና። "በየቀኑ ወንበሩን ስቦ ይቀመጥና ያወራዋል። ሚስት ሲያገባ ነገረው። ልጅ ሲወለድለት ነገረው። ሚስቱ ስትሞት እዚሁ መጥቶ ተንሰቀሰቀ። ነኹዳው ግን ጀርባውን እንደሰጠ ነው። በጠርሙስ ውስጥ ሰው አያረጅም። የምጽዋዋ ሴት ግን አርጅታ ሞታለች።"

በማግስቱ ወርቅውሃ ሽማግሌውን ስታጎርስ ማንኪያውን አስቀመጠችና በተሰባበረ ዐረብኛዋ "ባባ፣ ልቀቃቸው" አለችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደግማ ጠየቀችው፤ ደግሞ አዞረ። እሷ ማጠቧን፣ ማጉረሷን አላቋረጠችም፤ መጠየቋንም አልተወችም።

አንድ ቀን ግን ተቆጣች። የገዛ ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት።

"እናቴ ስትቀበር አልነበርኩም! ልጅህ ክፉ ሆና አይደለም የያዘችኝ፤ ስለምጠቅማት ነው። አንተስ ያን ሰው ምን ይጠቅመኛል ብለህ ነው የያዝከው? ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን መልሶልሃል?"

ሽማግሌው ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። "ነ… ሲት" አለ። ረሳሁት ማለቱ ነው። ምላሱን በጣቱ ነካ፤ ጠርሙሱን አሳየ፤ እጁን ዘርግቶ እንደ ባሕር አወዛወዘና ባዶ መዳፉን ጭኑ ላይ ጣለው። ቀና ብሎ ሲያያት ገባት። ሊለቃቸው ይፈልጋል፤ የሚፈታቸው ቃል ግን ከሕመሙ ጋር ጠፍቶበታል።

ለጎበና ነገረችው። ጎበና ወደ ኋላ ሄዶ ከነኹዳው ጋር ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ ረጅሙ ሰው በእርጋታ እየተራመደ መጥቶ ከመርከቧ አፍንጫ ላይ ቆመና በእጁ ጠራት። ጠርሙሱን አንስታ ከሽማግሌው ጆሮ አጠገብ ያዘችው።

ኑህ በስሙ አልጠራውም፣ ሰላምም አላለውም። የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ተናገረ።

ባባ መሐመድሰዒድ ድምፁን ሲሰማ ሰውነቱ በሙሉ ተናወጠ። ወርቅውሃ ሌላ ስትሮክ የመታው መስሏት ልትጮህ ነበር። እሱ ግን በጠማማ አፉ ፊደሏን ሊደግም ሞከረ። አልወጣችም። ኑህ ደገመለት። ሽማግሌውም ሞከረ። ኑህ ገና ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ያስጠናው ጀመር፤ ሳይቆጣ፣ ሳያለዝብም። ቃሉን ኑህ፣ መሐመድሰዒድ መርከብ ሲለቅ አጠገቡ ቆሞ ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ከሌላ ሰው አፍ ግን አይሠራም፤ በጨው ውሃ ላይ ካልሆነም አይሠራም።

ለወራት እንዲህ ሆነ። ወርቅውሃ ጠርሙሱን ይዛ ክንዷ እስኪዝል ትቆማለች። ማዳም አባቷ መናገር እንደጀመረ ሰምታ ሐኪሙን አመሰገነች።

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ ቤተሰቡ ከኾበር ከተማ አልፎ ግማሽ ጨረቃ ወደሚባለው ባሕር ዳር ለመዝናናት ተነሳ። ባባ የዊልቸሩን ጎን እየደበደበ እንዲወስዱት አስገደደ። ወርቅውሃ ሰዎቹ በገመድ ራሳቸውን ከመርከቧ ጋር እስኪያስሩ ጠብቃ፣ መርከቧን ከጠርሙሱ አወጣች፤ በባባ ፎጣ ጠቅልላ የእሱ ልብስ በሚያዝበት ቦርሳ ውስጥ አኖረቻት። መንገዱን ሙሉ ቦርሳውን ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ ሄደች።

ባሕሩን ስታይ ጎበና ያንን ሁሉ ጥልቀት ድንጋይ አስሮ ሲወርድበት ታያት። ኢስማኤል ዊልቸሩን አሸዋው ጠንከር እስካለበት ድረስ ገፋላትና ወደ መኪናው ተመለሰ። ልጆቹ ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ፤ ማዳም ምንጣፍ ላይ ሆና የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች። እንዴት አድርጋ ከዓይናቸው እንደምትሰወር ወርቅውሃ መላው ጠፋት።

መላው ራሱ መጣ። በሰሜን በኩል ሰማዩ ቢጫ ሆነ፤ የአሸዋ ነፋስ ተነሳ። ምንጣፍና ጃንጥላ በየቦታው በረረ፣ ሰዉ ወደ መኪናው ሮጠ። ማዳም ልጆቿን እየጎተተች "ወርቃ! ባባን አምጪ!" ብላ ጠፋች።

ወርቅውሃ ዊልቸሩን ወደ ውሃው ገፋችው።

ውሃው የባባን ቁርጭምጭሚት ሲነካ አቆመች። መርከቧን አውጥታ አባያዋ እስከ ወገቧ እስኪርስ ገባችና ውሃው ላይ አስቀመጠቻት። ነፋሱ ወዲያው ይዟት ሄደ። ማዕበሉ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ ለእሷ ግን ተራራ ነው። አንዴ ተደፋች፣ ቀና አለች፣ ደግማ ተደፋች።

"ባባ፣ በል ቃሉን!" ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው አፉን ከፈተ። አሸዋ ገባበት፤ ሳል ያዘው። ቃሉን ሞከረ፤ ግማሹ ላይ ተሰበረ። ወርቅውሃ ተመልሳ ሮጣ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች፤ በነጠላዋ እንደምትጠርግ እናት በእጅጌዋ አፉን ጠረገችለት። "እሱ እንዳስጠናህ" አለችው። "ቀስ ብለህ።"

ዓይኑን ጨፈነ። ፊደል በፊደል፣ ኑህ በሚናገርበት ዜማ፣ ቃሉን ጨርሶ ተናገረ።

መጀመሪያ የተሰማው የእንጨት መንቋቋት ነው። ከዚያ አቧራው ውስጥ ጥቁር ነገር ተነሳ፤ ከቤት በለጠ፣ ከመስጊድ ጣሪያ በለጠ። ሸራው ሲወጠር እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። መርከቧ የገፋችው ውሃ ተመልሶ መጥቶ ወርቅውሃን እስከ አንገቷ፣ ሽማግሌውን እስከ ደረቱ አለበሳቸው። የዊልቸሩ ጎማ በረጠበው አሸዋ ውስጥ መስመጥ ጀመረ።

ከመርከቧ ገመድ ተወረወረላት፤ አጠገቧ ውሃው ላይ ወደቀ። ቀና ስትል አንድ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ከጠርዙ ላይ አንገቱን አውጥቷል። ፊቱ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ እንዳለው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

"ያዥው!" አለ ጎበና። ድምፁ ወፍራም ነበር። "ምጽዋ እናወርድሻለን! ከዚያ ወዲያ አገርሽ ነው! ነይ እንጂ!"

ሁለት እጆቿ የዊልቸሩን እጀታ ይዘዋል። ሌላ ማዕበል መጣና የባባን አገጭ ነካው። አንድ እጇን ብታነሳ ወንበሩ ይገለበጣል። ገመዱን አየችው፤ እንደ እባብ እየተጥመለመለ ቀስ እያለ ይርቃል። ሽማግሌው በደህናው እጁ እጇን መታት። "ሩሒ" አለ፤ ሂጂ። "ሩሒ፣ ሩሒ።"

"ዝም በል" አለችው በአማርኛ። ወንበሩን ይዛ ቆመች።

በመርከቧ ኋላ ነኹዳ ኑህ ፊቱን ወደ የብስ አዙሮ ቆሟል። "መሐመድሰዒድ!" ብሎ ተጣራ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ይቅር ብሎት ይሁን ረግሞት ከድምፁ አይታወቅም። ሽማግሌው ግን እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ እየሳቀ አለቀሰ። አቧራው መርከቧን ዋጣት። የጎበና ጥሪ ትንሽ ቆይቶ ነፋስ ብቻ ሆነ።

ኢስማኤል ሮጦ መጣ። ውሃው ውስጥ ገብቶ ከእሷ ጋር ወንበሩን ጎተተ። ባባን ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባው። ማዳም እያለቀሰች ሰደበቻት።

ከዚያ በኋላ ያ የከሰዓት ሰዓት ባዶ ሆነ። እንደ ልማዷ ላይ ትወጣና ከሽማግሌው ጎን ትቀመጣለች። እሷ በአማርኛ ስለ እናቷ ትነግረዋለች፤ እሱ በዐረብኛ አንዳንድ ቃል ይጥላል። አይግባቡም፤ ቢሆንም ሁለቱም የሚያወሩት ሌላ ሰው የላቸውም። አንድ ቀን "ስለኔ ብለሽ ነው የቀረሽው?" የሚመስል ነገር ጠየቃት። "እንጃ" አለችው። እውነቷን ነው። ሌሊት ሌሊት ገመዱ ሲርቅ እያየችው ትባንናለች፤ በማግስቱ ግን አጥባ ታጎርሰዋለች።

በሚቀጥለው ዓመት ብርዱ ሲገባ ባባ መሐመድሰዒድ በእንቅልፉ ሞተ። የሚያስታምሙት ሲጠፋ ሥራው ቀለለ፤ ማዳም ከሌላ አገር ሠራተኛ አገኘች። የወርቅውሃም ኹሩጅ ወጣ። ማዳም ስትሰናበታት ሽቶ ሰጠቻት፤ ትንሽም አለቀሰች።

ኤርፖርት ያደረሳት ኢስማኤል ነው። ብቻቸውን በመኪና ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነበር። ከከተማው ወጥተው በረሃው ሲጀምር በመስታወቱ በኩል አያት።

"ያ ገመድ የወረወረልሽ ሰውዬ" አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ምን ነበር የሚልሽ?"

ወርቅውሃ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተጠጋች። "አየኸው?"

"መርከቧንም አየኋት። ያበድኩ መስሎኝ ለሚስቴ እንኳን አልነገርኳትም።"

"አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን? ዓመት ሙሉ?"

"አንቺስ መች ነገርሽኝ?"

ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግረው ያዘች፤ ስለ ጎበና፣ ስለ ኑህ፣ ስለ ምጽዋዋ ሴት። ኢስማኤል ወደ ኤርፖርቱ የሚያስገባውን መታጠፊያ እያየ አለፈው፤ ራቅ ብሎ ዞሮ ተመለሰ። ሁለተኛም አለፈው። "ሱብሐነላህ" ይላል በመሃል፤ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላል።

ወሬው ሳያልቅ ሰዓቱ ደረሰ። ሻንጣዋን አውርዶ እስከ በሩ ተሸከመላት። እጅ ለእጅ ሊጨባበጡ አስበው ዘበኛውን አይተው ተዉት።

"እህቴ፣ በሰላም ግቢ" አለ።

"አንተንም አላህ በሰላም ያግባህ፣ ወንድሜ።"

ገብታ ፓስፖርቷን አሳይታ ዞር ስትል፣ ኢስማኤል መኪናው አጠገብ እንደቆመ ነው። ከኋላው ያሉት መኪኖች ጥሩንባ ይነፉበታል። እሱ ገና ያልጨረሰችውን እንደሚጠብቅ ሰው ወደ በሩ ያያል።